የውበት ሙያና የቆዳ ሕክምና



የሰው ልጅ ፊቱ ጠርቶና አምሮ እንዲታይለት መመኘቱ የተፈጥሮ ጠባይ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። እናቶቻችን ቅቤውን ለጠጉራቸው፥ እንሶስላውን ለእጅና ለእግራቸው፥ ኩሉን ለዓይናቸው፥ የወይባውን ጢስ ለገላቸው እያዘጋጁ ኖረዋል። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ የጓዳ ሥራ ነበር፤ አዋቂዋም እናት ወይም አክስት ነበረች። ዛሬ ግን ሥራው ከጓዳ ወደ ገበያ ወጥቶ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በቦታው ወደ ተሠራው ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም የሄደ ሰው፥ ከሕንፃዎቹ ሥር ካሉት ሱቆች መካከል ከመድኃኒት ቤቱና ከሸቀጣ ሸቀጡ አጠገብ የውበት ሳሎን ወይም የወንዶች ጠጉር ቤት ሳያይ ብዙ አይራመድም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የሳምንቱን ድካም ከፊታችን ለማስጠረግ ወረፋ ይዘን የምንቀመጠው በነዚሁ ቤቶች ነው።

እንግዲህ በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የፊት ቆዳን የሚንከባከብ የውበት ባለሙያ ሐኪም ባይሆንም፥ ሐኪም ከሚሠራባቸው ደንቦች አንዳንዶቹን አውቆ ቢሠራባቸው ደንበኛውን ከጉዳት፥ ራሱንም ከጸጸት እንደሚያድን ነው። ከደንቦቹም ሁሉ የሚበልጠው እጅ የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ነው።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በቅርብ ያየሁት ነገር ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልንገራችሁ። በዚሁ በልደታ ኮንዶሚኒየም እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነች ጎረቤት አለችን። ሁለተኛ ልጅዋን ከወለደች በኋላ በጉንጮችዋና በግንባርዋ ላይ ማድያት ወጣባት። የወንድምዋ ሠርግ በቀረበ ጊዜ ፊትዋን ቶሎ የሚያጠራላት ነገር ብትፈልግ፥ ከአንድ ሳሎን ስምም ሆነ ጽሕፈት በሌለበት ትንሽ ብልቃጥ የተሞላ ክሬም ገዛች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊትዋ ፈካ፤ በሠርጉም ያያት ሁሉ አመሰገናት። ምስጋናው ስላስደሰታት ሠርጉ ካለፈ በኋላም መቀባትዋን ቀጠለች።

በአራተኛው ወር ግን ነገሩ ተለወጠ። የፊትዋ ቆዳ ሳስቶ ቀላ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተው ታዩ፤ በጉንጭዋ ላይ ጠጉር፥ በአገጭዋ ላይ ብጉር ወጣ። ክሬሙን ስትተወው ፊትዋ እንደ እሳት እየለበለበ ያብጣል፤ መልሳ ስትቀባው ደግሞ ለጥቂት ቀን ይበርድላታል። ስለዚህ መተውም መቀጠልም የማይቻላት ሆነች። ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ዓይንዋ እየሳበች በደረጃው ስትወርድ እናያት ነበር። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረበችና ሐኪሙ «የሚቀቡት ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቋት፥ «ክሬም ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም» ስትል መለሰች። የሸጠችላትም ሴት ብትጠየቅ ሌላ መልስ አልነበራትም። እርስዋም ከነጋዴ በጅምላ የገዛችው ነው።

እንደምታዩት በዚህ ታሪክ ውስጥ በክፋት የሠራ ሰው የለም። ጉዳቱን ያመጣው አለማወቅ ነው። አለማወቅን የሚያርቀው ደግሞ ትምህርት ስለ ሆነ፥ ከራሱ ከቆዳው እንጀምር።

ቆዳ ከአካላችን ክፍሎች ሁሉ ሰፊው ነው፤ የአንድ ሙሉ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ወደ 2 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የላይኛው ድርብርብ በጣም ስስ ቢሆንም እንደ አጥር ሆኖ ውሃችንን ከውስጥ ይጠብቃል፤ ጀርምንና መርዝን ከውጭ ይከለክላል። ይህ አጥር ከሥር አዲስ እየተወለደ፥ ከላይ አሮጌው እየረገፈ በግምት በአራት ሳምንት ይታደሳል። ስለዚህ ማንኛውም ቀና የሆነ የቆዳ እንክብካቤ ውጤቱ የሚታየው በሳምንታትና በወራት ነው። በሦስት ቀን ፊትን የሚለውጥ ነገር ሲገኝ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ከላይኛው ድርብርብ ሥር ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት ይገኛሉ። ጥቁሩም ነጩም ሰው የነዚህ ሕዋሳት ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በሚሠሩት ቀለም መጠንና ዓይነት ላይ ነው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው መልስ መድበው ነበር፤ ምድቡ በኋላ ተስፋፍቶ ስድስት ደረጃ ሲሆን፥ ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን በአራተኛው፥ በአምስተኛውና በስድስተኛው ደረጃ እንገኛለን። እንዲህ ያለው ቆዳ ከፀሐይ ቃጠሎ በተሻለ ሁኔታ ራሱን ይከላከላል። ነገር ግን አንድ ድካም አለበት፤ ሲፋቅ፥ ሲቃጠል፥ ሲቆጣ ወይም ብጉር ሲፈነዳበት ቁስሉ ከዳነ በኋላ በቦታው ጥቁር ምልክት ያስቀራል። ምልክቱም ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆያል።

ክቡራን ሆይ፤ ለአገራችን የውበት ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። ለሌላ ቆዳ የተዘጋጀ ብርቱ የመላጫ አሲድ፥ ሻካራ መፈግፈጊያ ወይም የጋለ እንፋሎት በኛ ፊት ላይ ሲውል፥ ሊያጠፋው የመጣውን ጥቁረት ራሱ ሊጨምረው ይችላል። ጨዋ እጅ ጉልበተኛ ከሆነ እጅ ይሻላል።

ከዚህ ተነሥተን ሐኪሙ የሚሠራባቸውን ደንቦች በየተራ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው ደንብ መመልከትና መጠየቅ ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን ሳያይና ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። እንዲሁ የውበት ባለሙያዋ የደንበኛዋን ፊት በመልካም ብርሃን፥ ከቅባትና ከዱቄት ታጥቦ ካላየችው በቀር እጅዋን ልትዘረጋ አይገባም። ጥያቄዎቹም ጥቂትና ቀላል ናቸው። ከዚህ በፊት የተቀቡት ምንድን ነው? የሚጠጡት መድኃኒት አለ ወይ? እርጉዝ ነዎት ወይ? የወሊድ መቆጣጠሪያ ይወስዳሉ ወይ? ያስቆጣዎት ሽቶ ወይም ቀለም ነበር ወይ? ምላሹ የሥራውን መንገድ ይለውጠዋል። እርግዝናና አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ማድያትን እንደሚያስነሡ የታወቀ ነው። ለብጉር ትሬቲኖይን የሚቀባ ወይም አይሶትሬቲኖይን የሚውጥ ሰው ቆዳው ስለሚሳሳ በሰም ጠጉሩን ቢያስነቅል ቆዳው አብሮ ሊገሸለጥ ይችላል። አይሶትሬቲኖይን ደግሞ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ከቶ የሚሰጥ አይደለም።

የተጠየቀውና የተሠራው ሁሉ በመዝገብ መጻፍ አለበት። እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መዝገብ የሌለው ጉዳይ እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን። የደንበኛዋ ስምና ስልክ፥ ቀኑ፥ የተቀባው ነገር ስም በአንድ ደብተር ቢሰፍር የሚወስደው ሦስት ደቂቃ ነው። የዚህን ደብተር ጥቅም በንግግራችን መጨረሻ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ደንብ መለየት ነው። በፊት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። ብጉር ከእድፍ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እውነቱ ግን የቅባት ዕጢ መውጫ ተደፍኖ በውስጡ ጀርም ሲራባና ሲቆጣ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ በፈገፈጉት ቁጥር ይብሳል። ለጠጉር የሚቀባው ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድ መውጫዎቹን እየደፈነ በጠጉር ዳር ዳር ብጉር እንደሚያወጣም መርሳት አይገባም። ላዩ የተከፈተውን ጥቁር ነጥብ በንጹሕ መሣሪያ በቀስታ ማውጣት የባለሙያዋ ሥራ ነው። በሥጋ ውስጥ የጠለቀውንና የሚያመውን እብጠት መጭመቅ ግን ጠባሳ ማምረት ስለ ሆነ ለሐኪም የሚተው ነው።

ወንዶችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ጺማቸው የተጠቀለለ ሰዎች ከሥር አስጠግተው ሲላጩ፥ የተቆረጠው ጠጉር ተመልሶ ወደ ቆዳቸው ስለሚገባ አንገታቸውና አገጫቸው በሽፍታ ይሞላል። ይህ በሽታ የሚመጣው ከምላጩ እድፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን የጠጉሩ ጠባይና የአላላጩ ስልት ነው። ጠጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፥ ቆዳውን ሳይወጥሩ፥ ጥቂት አስቀርቶ መላጨት ብዙውን ጊዜ ያስታግሠዋል።

ከመለየት ደንብ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የሳሎን ሥራ ያልሆነውን ማወቅ ነው። በቆዳ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፥ ሲነኩት የማይሰማ የደነዘዘ ምልክት ቢገኝ ክሬም የሚቀባበት አይደለም፤ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የዚህን በሽታ ጀርም ካገኙ ወዲህ፥ ደዌው እርግማን ሳይሆን ሕክምና ያለው በሽታ መሆኑ ተረጋግጧል። በአዲስ አበባችን በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥፍራ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት፥ ለአፍሪካ ሁሉ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ እንዲሆን የታቀደ ነበር። በሐንሰን ስም የተሰየመውም የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ይገኛል። አለርት ዛሬ የሥጋ ደዌ ብቻ ሳይሆን የቆዳ በሽታዎች ሁሉ ሕክምና የሚሰጥበትና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ቦታ ነው። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይታደላል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይወሰዳል። ቀድሞ የታከመ ሰው እጅና እግሩ ሳይጎዳ ይድናል፤ የዘገየ ግን ጀርሙ ቢጠፋለትም የተጎዳው የነርቭ ሥር አይመለስለትም። እንግዲህ ምልክቱን አስቀድሞ የሚያየው ዓይን የውበት ባለሙያዋ ዓይን ሊሆን እንደሚችል አስተውሉ።

እንዲሁም በፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድን፥ የማያም እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ በወሎ ሻህኝ ይሉታል። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን በሽኮኮ ውስጥ የሚኖረውን ጥገኛ ተሕዋስ አሸዋ ዝንብ የተባለች ትንሽ ነፍሳት ወደ ሰው ስታሻግረው የሚመጣ ሲሆን፥ ለሕክምናው አለርትና በደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው። ከገጠር ለጥየቃ የመጣች እኅት አፍንጫዋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ሳሎን ብትገባ፥ መፋቅና ማቃጠል ሳይሆን ወደ ሐኪም መላክ ይገባል።

እግር የምታጥብና ጥፍር የምታስተካክል ባለሙያም አንድ ነገር ልታውቅ ይገባታል። ጥቁር ሰውን የሚይዘው ሜላኖማ የተባለው ክፉ የቆዳ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በውስጥ እግር ላይ የሚሰፋና መልኩ የሚለዋወጥ ጥቁር ነጥብ፥ ወይም በአንድ ጥፍር ላይ እየወፈረ የሚሄድ ጥቁር መሥመር ያየች እንደ ሆነ፥ «ይህን ሐኪም ይይልዎት» ማለትዋ ነፍስ ማዳን ነው።

ሦስተኛው ደንብ መድኃኒትን ከመዋቢያ መለየት ነው። በጎረቤታችን ፊት ላይ የደረሰው ነገር ምንጩ ከዚህ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው የስቴሮይድ ቅባት እ.ኤ.አ. በ1952 በቆዳ ሕክምና ላይ ሲውል ችፌንና መሰሎቹን በሽታዎች በማስታገሡ ታላቅ በረከት ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ እጥፍ ብርቱ የሆኑ የዚያው ዘር ቅባቶች ተሠሩ። ከነዚህ አንዱ ክሎቤታሶል ነው። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ከሁለት ሳምንት ላላለፈ ጊዜ፥ በሳምንትም ከ50 ግራም ላልበለጠ መጠን የሚታዘዝ ሲሆን፥ ለፊት የሚሆን አይደለም። ቆዳን ለጊዜው የማፍካት ጠባይ ስላለው ግን ነጋዴው ከመድኃኒት ቤት አውጥቶ በመዋቢያ ስም ሸጠው። ገዢው የሚያየው የመጀመሪያውን ፍካት ነው፤ የቆዳውን መሳሳት፥ የደም ሥሩን መዘርጋትና ሲተውት የሚነሣውን መለብለብ የሚያየው ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ክሊግማን ከባልደረባቸው ጋራ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ 5 በመቶ ሃይድሮኪኖን፥ 0.1 በመቶ ትሬቲኖይንና 0.1 በመቶ ዴክሳሜታዞን የተቀላቀሉበትን ቅባት ለጥቁረት ሕክምና አቀረቡ። ይህ ቅልቅል በሐኪም ዓይን ሥር፥ ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን ይጠቅማል። በዚያው ዓመት ግን በደቡብ አፍሪካ የቆዳ ሐኪሞች፥ ሃይድሮኪኖን ለረዥም ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ እንደ ጠጠር መሻከሩን ገለጡ። ይህ ምልክት ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ነገሩን ከመዋቢያዎች ውስጥ ከለከለች፤ የአውሮፓ አገሮችም ኋላ እንዲሁ አደረጉ።

ሦስተኛው ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ ነው። ቀለም የሚሠራውን የቆዳ ክፍል ስለሚያሰንፍ በአንዳንድ ማንጫ ሳሙናና ክሬም ውስጥ ይጨመራል፤ ነገር ግን በቆዳ አልፎ ኩላሊትንና ነርቭን ይመርዛል። በጃፓን ከተማ ስም የተሰየመው የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲፈረም፥ በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ባዜቃ ያለባቸው ማንጫዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ወስኗል። በኛም አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት ጋራ የውበት መጠበቂያዎችን ጭምር ከቁጥጥር ሥር አድርጓል። ስለዚህ ስሙ፥ የሠራው ድርጅት፥ በውስጡ ያለው ነገርና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ብልቃጥ መሸጥም መግዛትም ቀላል ነገር አይደለም።

አራተኛው ደንብ መሞከርና መጠበቅ ነው። አዲስ ክሬም ወይም የጠጉር ቀለም ከመቀባት አስቀድሞ ጥቂቱን ከጆሮ ኋላ ወይም በክንድ ውስጠኛ በኩል ቀብቶ ሁለት ቀን መቆየት ያስፈልጋል። በጥቁር የጠጉር ቀለምና ጥቁር ሂና በሚባለው ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባል ቅመም አንዳንድ ሰው ላይ ፊትን እስከ ማሳበጥና ዓይንን እስከ መድፈን ይደርሳል። ተፈጥሮ የሰጠን ነገር ሁሉ የማይጎዳ የሚመስለው ሰውም ይሳሳታል። የሎሚ ጭማቂ ከቆዳችን ይልቅ እጅግ የበለጠ ኮምጣጣ ነው፤ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ የወጡ እንደ ሆነ ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ንቅሳት የመሰለ ምልክት ይተዋል።

ስለ ፀሐይ ከተነሣ፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ መሆንዋን እናስታውስ። በ1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሙቀቱ አይሰማን እንጂ ጨረሩ ብርቱ ነው። ማድያት ያለበት ሰው የቱንም ያህል ቢታከም ከፀሐይ ካልተጠበቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ለፊትና ለአንገት መቀባት፥ ውጭ የሚውልም በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይገባል። ለማድያት የቡና ቀለም የተቀላቀለበት ይሻላል፤ የብረት ኦክሳይድ ስላለበት ለዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይከለክላል። ቅባቱን ለመግዛት አቅም ለማይፈቅድለት ደግሞ የእናቶቻችን ጃንጥላና ነጠላ፥ የአባቶቻችንም ባርኔጣ ዛሬም መልካም ጋሻ ናቸው።

አምስተኛው ደንብ ንጽሕና ነው። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይጣላል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ደም የሚነካ መርፌና የብጉር ማውጫ ወይ አንድ ጊዜ አገልግሎ ይጣል፥ ወይም ተጠቅልሎ በእንፋሎት መቀቀያ በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይቀቀል። መቀስና የጥፍር መቁረጫ በሳሙናና በውሃ ከታጠበ በኋላ በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ አለበት። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ መበጥበጥ ነው። በብዙ ሳሎን የሚታየው ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን የታጠበውን መሣሪያ ለማስቀመጥ ይሆናል እንጂ ያልታጠበውን አያነጻም። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የሚዘዋወር ፎጣ፥ ማበጠሪያና ያልጸዳ የጠጉር መቁረጫ መኪናም ጭርትን ከራስ ወደ ራስ ያሻግራል።

እነዚህ ደንቦች የውበት ባለሙያዋን ገቢ ይቀንሱባታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥ «ፊቴን በሳምንት አጥሪልኝ» የምትል ደንበኛ ፊት «አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም፤ የቤቱ ኪራይ በየወሩ ይጠብቃልና። ዳሩ ግን እውነቱን የተነገራት ደንበኛ ዘወትር ትመለሳለች፤ ፊትዋ የተበላሸባት ደግሞ ራስዋ ቀርታ ሌሎችንም ታስቀራለች። ከልደታ እስከ ጥቁር አንበሳም ሆነ እስከ ባልቻ ሆስፒታል መንገዱ ሩቅ አይደለም። «ይህ ከእጄ በላይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» ብላ በቁራጭ ወረቀት ያየችውን ጽፋ የምትልክ ባለሙያ ሙያዋን ከፍ አደረገች እንጂ አላዋረደችም።

አሁን ወደ ጎረቤታችን እንመለስና ንግግራችንን እንፈጽም። ሐኪሙ ክሬሙን በድንገት ሳይሆን በሥርዓት አስተዋት፤ ለዘብ ያለ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ብቻ አዘዙላት። መለብለቡ የቆመላት ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ዛሬ ነጠላዋን ከፊትዋ አውርዳ ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ የተዘረጉት የደም ሥሮች ግን ፈጽመው አልጠፉም።

እርስዋም የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ልትጣላ አይደለም የሄደችው። «እኅቴ፥ ይህን አንብቢው፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው» አለቻት። ባለሳሎንዋም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ጥቂት ዝም ብላ፥ «ከአንቺ ሌላ ለስድስት ሰዎች ሸጫለሁ» አለች። በዚያው ማታ ስልክ መደወል ጀመረች። አራቱን አገኘቻቸው። የሁለቱን ግን ስማቸውን እንኳ አታውቅም ነበር፤ መንገደኞች ነበሩ፤ የተጻፈም ነገር አልነበረም። አሁን በዚያ ሳሎን በመስታወቱ ሥር አንድ ደብተር ተቀምጧል፤ የገባ ሰው ሁሉ ስሙና የተቀባው ነገር ይጻፍበታል።

እነዚያ ሁለት ሰዎች ምናልባት ይህን ንግግር ይሰሙ፥ ወይም በጋዜጣው ያነቡት ይሆናል። እነርሱም ሆኑ ስም የሌለው ብልቃጥ በቤታቸው ያላቸው ሁሉ፥ በገዛ ፈቃዳቸው መቀባቱን ከመቀጠልም ሆነ በድንገት ከመተው ይልቅ፥ ብልቃጡን በእጃቸው ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።